መብራት ላይ በቆምኩ ቁጥር ሞተሩ ይጠፋል፤ መኪናዬን እየበላት ይሆን?

ቀይ መብራት፦

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ከንክኖኛል፤ የምታውቁ አውሩኝ።

ሰባት ወር የነዳኋት መኪና አለችኝ። ሁለተኛ እጅ ናት። አውቶማቲክ ካምቢዮ፣ 1.4 ሊትር፣ ቤንዚን፣ ቱርቦ። መብራት ይዞኝ ፍሬን ረግጬ ስቆም አንድ ሁለት ሰከንድ ትጠብቅና ሞተሯ ጸጥ ይላል። እግሬን ሳነሳ ትነሳለች። የመጀመሪያ ቀን ተበላሸች ብዬ ላብ አጠመቀኝ። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ጥሩንባውን ሲለቅብኝ ደንግጬ እግሬን ከፍሬኑ ላይ አነሳሁ፣ እሷም ተነሳች። እንዲህ ነው የተዋወቅነው።

አሁን ለምጄዋለሁ፤ ለካ ነዳጅ ለመቆጠብ ሆን ተብሎ የተሠራ ነገር ነው፣ «ስታርት ስቶፕ» ይሉታል። ግን ትናንት ነገር ፈልጌ ቆጠርኩ። ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት፣ 23 ጊዜ ጠፍታ 23 ጊዜ ተነሳች። እኔ ደግሞ ያደግኩት «ሞተር የሚያልቀው ሲነሳ ነው» እየተባልኩ ነው። አባቴ ሰው ለማውረድ አምስት ደቂቃ ሲቆም እንኳ ሞተር አያጠፋም ነበር። እሱ ትክክል ከነበረ እኔ በቀን 23 ጊዜ መኪናዬን እየገደልኩ ነው ማለት ነው። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖውስ ይህን ሁሉ ይችላል? አጥፋው የምትሉ ካላችሁ ማጥፊያውን እያየሁት ነው፣ ክብ ቀስት ያለበት ቁልፍ ነው።

ሚኒሞ፦

አጥፋው።

እኔ መኪና ውስጥ ገብቼ ቀበቶ ከማሰሬ በፊት የምጫነው እሱን ነው። አስቸጋሪው ነገር ሞተር ባስነሳህ ቁጥር ራሱን መልሶ ያበራል፣ ስለዚህ በየቀኑ ነው። ሞተሩ ሲቆም የዘይት ግፊት ዜሮ ይሆናል፤ ሲነሳ ብረት ብረትን ይፈገፍጋል። ይህ ፍልስፍና አይደለም። ይህን ነገር የገጠሙት ላንተ ሞተር አዝነው አይደለም፣ የነዳጅ ፍተሻው ላይ ቁጥሩ እንዲያምርላቸው ነው። ዋስትናው ካለቀ በኋላ ያለው ያንተ ጉዳይ ነው። አሜሪካ ውስጥ እንኳ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሊ ዘልዲን እ.ኤ.አ. በ2025 ወጥቶ ሰው ሁሉ የሚጠላው ነገር ነው ብሎ ነበር።

አንባቢ ብቻ፦

ቀበቶ ከማሰርህ በፊትማ መጀመሪያውኑ አይሠራም ወንድሜ 😄 ቀበቶ ካልታሰረ፣ በር ወይም ኮፈን ከተከፈተ ሞተሩን አያጠፋውም።

ካቻቢቴ፦

ልጄ ቀይ መብራት፣ አባትህ ትክክል ናቸው። ግን የሳቸው ምክር ስለ ሌላ ዓይነት መነሳት ነው። ጋራዥ ውስጥ ዕድሜዬን ስለፈጀሁ ትንሽ ልዘርዝርልህ፣ ረዘም ቢል ታገሠኝ።

ክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) ብሮንዚናው (ዘንጉን አቅፎ የሚይዘው ቀለበት) ውስጥ ሲዞር ብረቱ ብረቱን አይነካውም። በመሃል ስስ ዘይት አለ፣ እዚያ ላይ ነው የሚንሳፈፈው። የሚያንሳፍፈው ደግሞ የፖምፓው ግፊት ብቻ አይደለም። ፖምፓው ዘይቱን ያቀርባል፤ ዘንጉን ከብሮንዚናው የሚያነሳው ግን የራሱ መዞር ነው፣ ሲዞር ዘይቱን ጎትቶ ከሥሩ ያስገባዋል። ውሃ በተኛበት አስፋልት ላይ በፍጥነት ስትነዳ ጎማ ውሃው ላይ እንደሚንሳፈፈው በለው። ሞተር ሲቆም ዘንጉ ይቀመጣል። ሲነሳ ፍጥነቱ እስኪበቃ ድረስ ለቅንጥብጣቢ ሰከንድ ይፈገፈጋል። እዚህ ላይ ሚኒሞ አልተሳሳተም።

አሁን ጠዋት የምታስነሳውን ሞተር አስብ። ሌሊቱን ዘይቱ ወርዶ ከታች ካርተሩ ውስጥ ተኝቷል። ቀዝቅዞ ወፍሯል፣ ላይ ድረስ ለመድረስ ጊዜ ይፈልጋል። ሞተሩ ስለቀዘቀዘ ኮምፒውተሩ ነዳጅ አብዝቶ ይረጫል። ያ ትርፍ ቤንዚን ሁሉ አይተንም፣ ከፊሉ የሲሊንደሩን ግድግዳ ያጥበዋል፤ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) የሚንሸራተትበትን ዘይት ይዞ ይወርዳል። ፒስተኑም ገና አልሞቀም፣ ልኩን አልያዘም። ሞተር የሚበላው እዚህ ነው፣ ከተነሳ በኋላ እስኪሞቅ ያሉትን ደቂቃዎች ጨምሮ። አባትህ የሚፈሩት ይህን ነው።

መብራት ላይ ግን ሞተርህ ሞቋል። ዘይቱ ቀጭን ነው፣ ግን ሁሉም ቦታ ነበር፣ በ40 ሰከንድ ውስጥ የትም አልሄደም። ብሮንዚናው ርሷል፣ ግድግዳው ርሷል፣ ነዳጁ በልኩ ነው። እንዲያውም ሞተሩ በደንብ ካልሞቀ ይህ ነገር ሥራ እንደማይጀምር ጠዋት ስትወጣ ልብ ብለህ እየው። የመጀመሪያዎቹን መብራቶች ሳታጠፋ ነው የምታልፋቸው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። እንዲህ ያለ መኪና ሞተር ከፍቼ ብሮንዚናውን አውጥቼ በጥፍሬ ፈትሼ አውቃለሁ። ድሮ የማውቀው የሚያብረቀርቅ ግራጫ ብረት አልነበረም። ላዩ ጠቆር ያለ፣ ደብዘዝ ያለ ሽፋን አለው፣ ስትነካው የደረቀ ቀለም ይመስላል። ፖሊመር ነው። ለዚሁ ለመነሳት ለመቆሙ ተብሎ የተለበጠ። ሁሉም ፋብሪካ አንድ ዓይነት አይጠቀምም፤ ሥራውን የሚያውቁት ግን ችግሩን አስቀድመው አይተውታል።

ሚኒሞ፦

ጋሼ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ችግር ከሌለው ለምን ለበጡት?

ካቻቢቴ፦

ችግር የለውም መቼ አልኩ። ሳይለበጥ ቢተው ኖሮ ችግር ይሆን ነበር አልኩ።

የዘይት ነገር፦

ሚኒሞ ጥያቄው ጥሩ ነው፣ ጋሼ ካቻቢቴ የጀመሩትን ልቀጥልበት። እኔ ሥራዬ ከቅባት ጋር ነው፣ ሴት ልጅ ስለ ሞተር ምን ታውቃለች የምትሉ ካላችሁ እዚሁ እለፉ።

ሰው የሚረሳው ነገር፣ ዘይት የሚከላከለው በስስ ፈሳሽነቱ ብቻ አይደለም። ውስጡ ብረት ላይ የሚጣበቁ ቅመሞች አሉ። በጣም የታወቀው የዚንክና የፎስፈረስ ውህድ ነው። ሙቀትና ፍትጊያ ሲያገኘው ብረቱ ላይ እንደ ቅርፊት ያለ ስስ ሽፋን ይሠራል። ያ ሽፋን ሞተሩ ሲቆም አይፈስም። ስለዚህ ዘንጉ ሲቀመጥ ራቁት ብረት ላይ አይደለም የሚቀመጠው። ፍትጊያው ሲኖር መጀመሪያ የሚበላው ያ ቅርፊት ነው፣ እሱም እንደገና ይሠራል።

ግን ዘይቱ ካረጀ ቅመሙም ያልቃል። በቀን 23 ጊዜ የሚነሳ ሞተር እንደማንኛውም ሞተር ዘይት ቀይርልኝ ይላል፣ ትንሽ ጮክ ብሎ። መጽሐፉ ላይ 0 ደብልዩ 20 የሚባለው ቀጭን ዘይት የተጻፈለትን ሞተር «ወፈር ያለ ይሻለዋል» ብላችሁ የተገኘውን አትሙሉበት። ጠዋት ላይ ለመድረስ የሚዘገየው ያ ወፍራሙ ነው። ከቁጥሩ ሌላ ፋብሪካው የሚጠይቀው ደረጃ አለ፣ ጣሳው ጀርባ ላይ ተጽፏል፣ እሱን አመሳክሩ።

ሀይብሪድ ነጂ፦

እኔ ይህን ክርክር ሳይ ይገርመኛል። ቶዮታ ፕሪየስ፣ በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሄደው፣ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ሞተሩን ሲያጠፋ ሲያበራ ነው የኖረው። መብራት ላይ ብቻ አይደለም፣ እየሄደ ሁሉ ያጠፋዋል። እኔ ሰው እያመላለስኩ ነው የምኖረው፣ ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ ነኝ፣ 380 ሺህ ኪሎሜትር ላይ ነኝ። ሞተሩ አልተከፈተም። ትልቁን ባትሪ አንዴ ነክቼዋለሁ፣ እሱ ሌላ ታሪክ ነው።

ሚኒሞ፦

ያንተ ከኛ ጋር አይወዳደርም። አንተ ጋ የሚያስነሳው ትልቁ ኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ነዳጅ ከመግባቱ በፊት ሞተሩን በደቂቃ 1,000 ዙር ገደማ ያደርሰዋል። ዘይቱ ሥራ ጀምሮ፣ ዘንጉ ተንሳፍፎ፣ ከዚያ ነው እሳት የሚሰጠው። የኛ ሞተሪኖ በ200 እና በ300 መካከል እያጓራ ነው የሚያስነሳው።

ሀይብሪድ ነጂ፦

እሺ ይቺ ልክ ናት። ተቀበልኩ። ግን ያው መቆሙና መነሳቱ በራሱ ሞተር እንደማይገድል ያሳያል። አነሳሱ ነው ነገሩ።

ካቻቢቴ፦

ለዚህ እኮ ነው ባለ 48 ቮልቱ የመጣው። ብዙዎቹ ላይ መብራት ላይ የሚያስነሳው ሞተሪኖው አይደለም፣ በቺንጋ የታሰረ ዲናሞና አስነሺ በአንድ ላይ የሆነ ነገር ነው፣ ሲነሳ አይሰማህም። ማዝዳ ደግሞ በሌላ መንገድ መጣ። ሲጠፋ ፒስተኖቹ የሚቆሙበትን ቦታ ይመርጥና፣ ሲነሳ እዚያው የቆመው ሲሊንደር ውስጥ ነዳጅ ረጭቶ ያቀጣጥለዋል፣ ሞተሪኖው ትንሽ ብቻ ያግዛል። በ0.35 ሰከንድ ይነሳል ነው የሚሉት። እ.ኤ.አ. 2009 ላይ ነው ያወጡት። ያኔ ሳነብ አላመንኩም ነበር፣ ኋላ መኪናው መጥቶ በጆሮዬ ሰማሁት።

ሞተሪኖ ላይ ግን ቀይ መብራት የጠየቀውን አልመለስንለትም። ልጄ፣ ያንተ ሞተሪኖ የአባትህ ሞተሪኖ አይደለም። የድሮው በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር መነሳት ነው የሚሠራው። ለዚህ የሚሠራው ለመቶ ሺዎች ነው። ካርቦኑ የተለየ ነው፣ ኩሽኔታው የተለየ ነው፣ ጥርሱ ከቮላኖው (ክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ ካለው ከባድ ጥርሳም ክብ ብረት) ጋር የሚገናኝበት መንገድ የተለየ ነው። ሒሳቡን ራስህ ምታው። በቀን 23፣ በዓመት 300 ቀን ብትነዳ 6,900 ነው። በአሥር ዓመት 69,000። የድሮውን ሞተሪኖ ይጨርሰዋል፣ ያንተን አይጨርሰውም። ነገር ግን አንድ ቀን ተበላሽቶ ስትቀይር «ይሄም ይገጥማል» ብለው ርካሹን እንዳይሰኩብህ።

ድሮ ቮላኖ ሳወርድ ጥርሱን ዞሬ ዞሬ አየዋለሁ። ባለ አራት ሲሊንደር ከሆነ ሁለት ቦታ ላይ ነው የሚበላው፣ ትይዩ። ሁልጊዜ። ሞተሩ ሲጠፋ ፒስተን ሽቅብ አየር ሲያምቅ አቅም ያጣና እዚያ አካባቢ ነው የሚቆመው፣ በአንድ ዙር ሁለቴ ያምቃል፣ ስለዚህ ሞተሪኖው ሁልጊዜ እነዚያኑ ጥርሶች ነው የሚነክሰው። ተማሪ ሳለሁ ያስተማሩኝ ሰውዬ ይህን አሳይተውኝ «ብረትም ልማድ አለው» ብለውኛል።

ናፍታው፦

እኔ ስለ ቮላኖ ካነሳችሁ አንድ ቅሬታ አለኝ። የኔ ናፍታ ማንዋል ናት። ባለ ሁለት ክብደት የሚሉት ቮላኖ ነው ያላት፣ መሃሉ ላይ ስፕሪንግ ያለው። ይህ ነገር ከሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ከሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) በታች ባለ ፍጥነት ላይ በጣም የሚንቀጠቀጥበት ቦታ አለው። ሞተር ሲነሳም ሲጠፋም በዚያ ቦታ ማለፍ ግዴታ ነው። በእጄ አጥፍቼ ሳስነሳት በቀን አራቴ ነበር፣ አሁን 40 ጊዜ ነው። ስትጠፋ ያንን ግድድድ የሚል ድምፅ እሰማዋለሁ፣ መቀመጫዬ ላይ ይሰማኛል። 160 ሺህ ላይ ቮላኖው ልቅ ሆነ ተብሎ ከፍሪሲዮኑ ጋር ተቀየረ። በዚህ ምክንያት ነው ብዬ መማል አልችልም፣ ማርሽ አሳስቼ ዝቅ ባለ ዙር የመጎተት አመልም አለብኝ። ግን ሞተሩን ብቻ አትዩ። የሞተሩን ሱፖርቶም (ሞተሩ የተቀመጠበትን መያዣ) እዩ፣ ጎሚኒው የሚሰነጠቀው በዚያ መንቀጥቀጥ ነው።

ካቻቢቴ፦

ናፍታው ያለው ከኔም ከሁላችሁም ይልቅ ወደ እውነቱ የቀረበ ነው። ማልቀስ ካለባችሁ ለቮላኖና ለሱፖርቶ አልቅሱ። ማርሽ አስጨንቆ መጎተቱን ግን ተው፣ ቮላኖህን ከመብራቱ የበለጠ የበላው እሱ ነው የሚመስለኝ።

ናፍታው፦

ሚስቴም እንዲሁ ነው ያለችኝ ጋሼ።

ቀይ መብራት፦

እጅግ አመሰግናለሁ ሁላችሁም። ሁለት ጥያቄ ልጨምር። አንደኛ ቱርቦውስ? ከረጅም መንገድ ስመጣ ድንገት መብራት ላይ ብትጠፋ አይቃጠልም? ሁለተኛ ካምቢዮው፣ ሞተር ሲጠፋ የካምቢዮ ዘይት ፖምፓውም ይቆማል አይደል?

የዘይት ነገር፦

ቱርቦው ጥሩ ስጋት ነው። በኃይል ነድተህ ወዲያው ብታጠፋው እዚያ ትንሽዬ ዘንግ ላይ የቆመው ዘይት በሙቀቱ ተጠብሶ ወደ ከሰል ይቀየራል። አሁን ያሉት ብዙዎቹ ቱርቦዎች በውሃ ይቀዘቅዛሉ፣ አንዳንዱ ሞተር ከጠፋ በኋላም ውሃውን የሚያዞር ትንሽ የኤሌክትሪክ ፖምፓ አለው። ኮምፒውተሩም ሙቀቱ ከበዛ ሞተሩን ላያጠፋው ይችላል። እኔ ግን በዚህ ብቻ አልተማመንም። ዳገት በኃይል ወጥቼ ወዲያው የምቆም ከሆነ ማጥፊያውን እጫነዋለሁ፣ አንድ ደቂቃ በሚኒሞ ይቆያል። ማንም አይሞትም።

ካቻቢቴ፦

ካምቢዮውንም አስበውበታል። አንዳንዱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ተጨማሪ ፖምፓ አለው። የጀርመኑ ካምቢዮ ሠሪ ዜድኤፍ በባለ 8 ማርሹ ላይ ሌላ ብልሃት አለው። ሞተሩ ሲሠራ ዘይት በስፕሪንግ ታምቆ ይቀመጣል፣ ሲነሳ ተለቅቆ ክላቾቹን ይሞላቸዋል። ያ ባይኖር ኖሮ በተነሳ ቁጥር ጀርባህን ይገፋህ ነበር።

አንባቢ ብቻ፦

ሒሳብ ወዳጅ ነኝና የነዳጁንም ልምታው። ትንሽ ቤንዚን ሞተር በሚኒሞ በሰዓት 0.8 ሊትር ገደማ ይጠጣል እንበል። 23 ጊዜ፣ በአማካይ 30 ሰከንድ፣ 11 ደቂቃ ተኩል ነው። 0.15 ሊትር በቀን። በ300 ቀን 46 ሊትር አካባቢ። አንድ ታንክ ማለት ነው። አሜሪካ ያለው አርጎን ብሔራዊ ላቦራቶሪ ከ10 ሰከንድ በላይ የምትቆም ከሆነ ማጥፋቱ ነው ነዳጅ የሚቆጥበው ይላል። ስለዚህ ሦስት ሰከንድ ቆማ የምትጠፋው መጥፋት ትርፍ የላትም።

ሚኒሞ፦

በዓመት አንድ ታንክ! ለአንድ ታንክ ነው ይህ ሁሉ? ለዚህ መኪና የሚገባው ባትሪ ከተራው ምን ያህል እንደሚወደድ ታውቃላችሁ?

ካቻቢቴ፦

አሁን ወደ ቁም ነገሩ መጣህ። ባትሪው። እስካሁን ስለ ብሮንዚና ስናወራ ቆየን እንጂ ከዚህ ነገር ጋር የሚመጣ ሰው ሁሉ እኔ ጋ የሚመጣው በባትሪ ነው።

ሚኒሞ፦

ስለዚህ አጥፋው 😏

(ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ቀይ መብራት፦

ሰዎች፣ ተገላገልኩ መሰለኝ። መኪናዋ ራሷ መጥፋት አቆመች። አራት ቀን ሆናት፣ መብራት ላይ ብቆምም ሞተሯ አይጠፋም። ያቺ ምልክት ላይዋ ላይ ሰረዝ ያለባት ክሩስኮቱ ላይ ትበራለች። ሌላ ምንም የለም፣ ትነዳለች። ሚኒሞ ደስ ይበልህ።

ሚኒሞ፦

እንኳን ደስ ያለህ! መኪናዋ ከብዙዎቻችን ትሻላለች።

ካቻቢቴ፦

እንኳን ደስ ያለህ አትበለው። ልጄ፣ ባትሪውን ቀይረህ ታውቃለህ?

ቀይ መብራት፦

አዎ፣ መኪናዋን እንደገዛሁ ባትሪዋ ደክሞ ስለነበር አስቀየርኩ። አዲስ ነው ጋሼ፣ ሰባት ወሩ ነው።

ካቻቢቴ፦

ኮፈኑን ክፈትና ላዩ ላይ የተጻፈውን አንብብልኝ። ኤጂኤም ወይም ኢኤፍቢ ይላል? ሌላ ደግሞ፣ የቀየሩልህ ሰዎች ኮምፒውተር ሰክተው ነበር?

ቀይ መብራት፦

አየሁት። አንዱንም አይልም። አምፒሩና «ጥገና አይፈልግም» የሚል ብቻ ነው ያለው። ኮምፒውተር አልሰኩም። አሥር ደቂቃ አልፈጀባቸውም፣ ፈጣን ናቸው ብዬ አመስግኜ ነው የወጣሁት።

ካቻቢቴ፦

ይኸው። አየህ፣ ሞተር ሲጠፋ ዲናሞው ይቆማል። መብራትህ፣ የአየር ማራገቢያህ፣ ሬዲዮህ፣ የዝናብ መጥረጊያህ ሁሉ ከባትሪ ይበላሉ። ከዚያ ደግሞ ሞተሪኖው ትልቁን ጉርሻ ይወስዳል። ተራ ባትሪ ለዚህ አልተፈጠረም። እሱ ጠዋት አንዴ በኃይል ሰጥቶ ቀኑን ሙሉ ሞልቶ መቀመጥ ነው የሚወደው። በየመብራቱ ትንሽ ትንሽ ስታጎድለው፣ ሳይሞላ ደግመህ ስታጎድለው፣ ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት ይጋገርበታል። ከዚያ ሙላ ብትለውም አይሞላም።

ኤጂኤም የሚሉት ውስጡ አሲዱ ዝም ብሎ አይንቦጫረቅም። በመስታወት ክር በተሠራ ምንጣፍ ላይ ተመጦ ነው ያለው፣ ምንጣፉ ሳህኖቹን አጥብቆ ስለያዘ ቅመሙ አይረግፍም። ኢኤፍቢ የተራው ጠንከር ያለ ወንድም ነው፣ ቀለል ላሉት መኪኖች ይበቃል። መኪናዋ ስትሠራ የተሰጣትን ነው መመለስ ያለብህ። ኤጂኤም ይዛ የመጣችን ወደ ኢኤፍቢ አታውርዳት።

ኮምፒውተሩን የጠየቅኩህ ደግሞ፣ ኔጋቲቩ ራስ ላይ ትንሽ ጥቁር ሳጥን ታያለህ፣ ሽቦ የወጣላት። እሷ ባትሪው ምን ያህል እንደያዘና እንዴት እያረጀ እንደሆነ ትቆጥራለች። ብዙ የአውሮፓ መኪና አዲስ ባትሪ ሲገባለት ተቀይሯል ብለህ ካልነገርከው የድሮውን፣ የደከመውን ባትሪ እየሞላሁ ነው ብሎ ያስባል። አሞላሉን ያዛባል። ያንተ ባትሪ ዓይነቱም የተሳሳተ፣ ያልተነገረለትም ነው። ሰባት ወር መቆየቱም ጥሩ ነው።

መጥፋት ያቆመችው ስለዚህ ነው። ተመልሼ ላልነሳ እችላለሁ ብላ ነው የማትጠፋው። ከሰነበተ ጠዋት አትነሳም።

የዘይት ነገር፦

ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል ጋሼ፣ ኤሲ በኃይል ሲከፈት፣ መሪ ሲጠመዘዝ፣ ቁልቁለት ላይ፣ ናፍታ ከሆነ ጭስ ማጣሪያው ራሱን ሲያቃጥል። ግን አራት ቀን ሙሉ በሁሉም ሰዓት ከሆነ እኔም ባትሪ ነው የምለው።

ቀይ መብራት፦

በጣም አናደደኝ። የቀየርኩበት ቦታ ሄጄ «መኪናዋ ይህን እንደምትፈልግ አላያችሁም?» ብላቸው «ወንድሜ ይነሳል አይደል?» አሉኝ። ይነሳል፣ በቃ መልሱ ይህ ነው።

ሚኒሞ፦

ወንድም እኔም ልናዘዝ። ይህን ሳነብ ወርጄ የኔን አየሁት። ኤጂኤም ነው፣ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ፋብሪካ የመጣው። አንድም ጊዜ አልተቸገርኩም። ምናልባት ሁልጊዜ ስለማጠፋው ይሆናል፣ ምናልባትም ባትሪው ጥሩ ስለሆነ። ለካ እኔ ስድስት ዓመት ውድ ባትሪ ይዤ እንደ ተራ ባትሪ ስጠቀምበት ነው የኖርኩት።

ካቻቢቴ፦

ምንም አይደል፣ ባትሪው አይከሰህም። ማጥፊያውን መጫንም ኃጢአት አይደለም። እኔ ራሴ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ወደ ፊት ወደ ኋላ ስል፣ ትራፊኩ እንደ ኤሊ ሲሳብ እጫነዋለሁ። ሁለት ሜትር ሄዶ መጥፋት ያበሽቃል፣ ነዳጅም አይቆጥብም። ብዙ አውቶማቲኮች ላይ ደግሞ ፍሬኑን ቀለል አድርጋችሁ ከያዛችሁ አይጠፋም፣ ጠበቅ ስታደርጉት ነው የሚጠፋው። እግራችሁ ይለምደዋል። ረጅም መብራት ከሆነ ጠበቅ፣ ሊለቅ ከሆነ ላላ።

ናፍታው፦

ማንዋል ላይ ሌላ ጥቅም አለው፣ ማንም አላነሳውም። ፍሪሲዮን በፍጥነት ለቅቄ ስትጠፋብኝ፣ ፍሪሲዮኑን መልሼ ስረግጥ ራሷ ትነሳለች። ቁልፍ መፈለግ የለም። ለኔ ብጤ ከዚህ የበለጠ ቴክኖሎጂ አልተሠራም።

አንባቢ ብቻ፦

😂😂 ናፍታው ቮላኖውን ማን እንደበላው አሁን ታወቀ።

(ከአምስት ቀን በኋላ)

ቀይ መብራት፦

ኤጂኤም አስገባሁ፣ ኮምፒውተር ሰክተው መዘገቡላት። ሌላ ቦታ ነው፣ 40 ደቂቃ ፈጀባቸው፣ አልተናደድኩም። የመጀመሪያውን ቀን ምንም አላደረገችም፣ ጋሼ ካቻቢቴ በውስጥ መስመር ትንሽ ንዳት፣ አንድ ሌሊት ተቆልፋ ትደር፣ ታጠናዋለች ብለውኝ ነበር። በነጋታው ሦስተኛው መብራት ላይ ጸጥ አለች። ሳቄ መጣ።

አባቴንም ነገርኳቸው። «ጠዋት ብቻ አትቸኩልባት፣ ሌላውን እሷ ታውቃለች» አሉኝ።

ሚኒሞ፦

ስንቴ ጠፋች ዛሬ? መቁጠርህን እንዳላቆምክ አውቃለሁ።

ቀይ መብራት፦

20። አንዷን ግን ራሴ ነኝ ያጠፋኋት፣ ነዳጅ ልቀዳ ቆሜ።